እርጅና ከነኮሚቴው

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገሬ ሰው። በሽታውንም፣ ችጋሩንም፣ ብቸኝነቱንም እዚያው ትተህ ና ማለቱ ነው። እኔም እንደ ወጉ ለምኜው ነበር፤ አልሰማኝም። ለጉልበቴ ቁርጥማት፣ ለዓይኔ ሞራ ይዞ መጣ፤ ጥርሴን ደግሞ ይዞ ሄደ። ይሄስ የአዳም ዕዳ ነው፣ ይቻላል። ያልቻልኩት አስከትሎት የመጣውን ኮሚቴ ነው።

የኮሚቴው አባላት አራት ናቸው፤ አራቱንም የወለድኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ትንሿ ጂዳ ናቸው። እኔ እዚሁ ጋይንት፣ የጉና ብርድ የሚወርድበት አፋፍ ላይ አለሁ። የሚሰበሰቡት በቴሌግራም ነው። ቡድኑን «የአባባ እንክብካቤ» ብለውታል። እኔ አባል አይደለሁም፤ ስልክዎ ባለቁልፍ ስለሆነ አያስገባም አሉኝ። አጀንዳው እኔ፣ ቃለ ጉባኤው እኔ፣ ውሳኔው እኔ፤ ድምፅ የሌለኝም እኔ! ሴቶቹ ብር ይልካሉ፣ ወንዶቹ ሐሳብ ይልካሉ። ብሩ አንዳንዴ ይቋረጣል። ሐሳቡ ግን መንገድ ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ተጠራቅሞም ቢሆን ይደርሳል።

ባለፈው ክረምት ዕቅዱ ታትሞ በሰው እጅ መጣልኝ። ባሕር ዳር ያለው ልጄ የቢሮ ሰው ነው፤ ያለ ሠንጠረዥ አይሆንለትም። ዓይኔ ስለማይረዳኝ የጎረቤት ተማሪ ጠርቼ አስነበብኩት። ዓላማ አለው፣ ግብ አለው፣ የሚጠበቅ ውጤት አለው። «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ሥጋቶች» ከሚለው ሥር በአንደኛ ተራ ቁጥር የሰፈረው «አባባ እምቢ ሊሉ ይችላሉ» የሚል ነው። መፍትሔውም ከጎኑ አለ፦ «በአገር ሽማግሌ ማስመከር»። ሽማግሌን በሽማግሌ! የተመረጡት ሽማግሌዎች እነማን ናቸው ብዬ ሳጣራ ከሦስቱ አንዱ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ዕቅዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ያስነሳኛል። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሬ የጣራዬን ማገር ስቆጥር የማነጋ ሰው ነኝ፤ 1 ሰዓት ማለት እንቅልፌ ገና መምጣቱ ነው። 2 ሰዓት ላይ ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ያበላኛል። ረቡዕና ዓርብን ማን ወሰዳቸው? የዐቢይ ጾም 55 ቀን የት ገባ? ፍልሰታስ? ጾመ ነቢያትስ? «ሐኪም ፈቅዷል» አሉኝ። ሐኪሙ የንስሐ አባቴ ነው? 9 ሰዓት ላይ ደግሞ «በሜዳማ ቦታ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ» ይላል። ልጄ የተወለደበትን አገር ጨርሶ ረስቶታል። ከጨጨሆ በር እስከ ጉና ሥር፣ ሜዳ ብለን የምንጠራው ሁለት ገደሎች ተማክረው የተዉልንን መሬት ነው።

ቀጥሎ ዕቃው መጣ። ከቨርጂኒያ በሻንጣ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከነፋስ መውጫ በአህያ። አንደኛው አራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ ነው፤ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ጎማ አላቸው። ይሄን የፈለሰፈ ሰው ቁልቁለት አይቶ አያውቅም። ከደጄ ይዤው ብወጣ እሱ ቀደመኝ። እኔም ነፍሴን አስቀድሜ ለቀቅኩት፤ ልጆች ከጎረቤት የገብስ ማሳ ውስጥ ለቅመው አመጡት። ዱላዬ ትሻለኛለች፣ ቢያንስ አትቀድመኝም። ብረቱ ላይ አሁን ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ጎማ ያለው ቆጥ ላይ የሚያድሩ ዶሮዎች ከእኔ ቤት ሌላ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ሁለተኛው የኪኒን ማስቀመጫ ነው። ሰባት ክዳን አለው፤ በየክዳኑ ላይ አንዳንድ የፈረንጅ ፊደል። ለደም ግፊቴ የታዘዘልኝን በየቀኑ ከአንዱ አወጣለሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀን የምቆጥረው እንዲህ አይደለም። 12 ሚካኤል ነው፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ሳጥኑ 30 ክዳን ኖሮት የየዕለቱ ታቦት ስም ቢጻፍበት አንድ ቀን አያመልጠኝም ነበር፤ የሚካኤልን ኪኒን ማን ይዘነጋል? ለቨርጂኒያዋ ልጄ በስልክ አስረዳኋት። «አባባ፣ ፋብሪካው የሚሠራው የሰባት ቀኑን ብቻ ነው» አለችኝ። ያን ሁሉ የተማረ ሰው እዚያ ሰብስበው!

የኮሚቴው ትልቁ ውሳኔ ግን ተንከባካቢ መቅጠር ነበር። ከስማዳ ቆላ፣ ከበሽሎ በኩል፣ አንዲት ልጅ አመጡልኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጇ የማይቦዝን። ቡናዋ ልክ፣ በሶዋ ልክ፣ የእግር ውሃዋ ለብ ያለ። የምነቅፈው ፈልጌ ባጣ ተናደድኩ። በኋላ ግን አንድ ጉድለት አገኘሁባት፤ ወሬ የላትም። ሥራዋን ጨርሳ ጥግ ይዛ ስልኳ ላይ ታፈጣለች። ሽማግሌን ከረሃብ ይልቅ የወሬ እጦት እንደሚገድለው ዕቅዱ ላይ የጻፈ የለም።

አንድ ማታ ምድጃው ዳር በጥያቄ አጣደፍኳት። «ማን አለሽ?»

«አያቴ አሉኝ። ዓይናቸው አያይም።»

«ታዲያ እሳቸውን ማን ያያቸዋል?»

«ከደመወዜ ለጎረቤት ልጅ እሰጣለሁ። ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ደጅ ያወጣቸዋል።»

«የዚያ ልጅ አያትስ?»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ግን ዝምታ ስለማይሆንልኝ ሌሊቱን ሙሉ ሒሳብ ስሠራ አደርኩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ በሰዓት እየተከፈላት የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ገላ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለ አበሻ ይሄን ሥራ ያውቀዋል፤ ስንቱ በዚሁ ልጅ አስተምሯል፣ ወንድም አስመጥቷል። ጂዳ ያለችውም ለቤት ሥራ ሄዳ የእመቤቷን እናት ትጦራለች። የአሜሪካዊቷ አሮጊት ልጆች ሥራ ስለበዛባቸው ልጄን ቀጠሩ። ልጄ እዚያ ስለተቀጠረች የስማዳዋን ልጅ ለእኔ ቀጠረች። የስማዳዋ ልጅ እኔ ዘንድ ስላለች ለአያቷ የጎረቤት ልጅ ቀጠረች። ሁሉም የሰው ሽማግሌ ይዟል፤ የራሱን የያዘ የለም! የጉና ውሃ ሆነብን። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ቆሞ ርብንና ጉማራን ያወርዳል፤ ውሃው ፎገራ ላይ ሩዝ አብቅሎ ጣና ይገባል፤ ከራስጌው ያለነው በበጋ እንስራ ይዘን ምንጭ ዳር ወረፋ እንጠብቃለን። እንክብካቤም እንዲያው ገንዘብ ወዳለበት ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ይደርቃል።

በማግስቱ የቨርጂኒያዋ ልጄ ስትደውል መፍትሔውን ነገርኳት። «አሮጊቷ ወደ ልጆቿ፣ አንቺ ወደ እኔ፣ ይቺም ወደ አያቷ። ሁላችሁም አንዳንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትመለሱ ነገሩ ያለ ሳንቲም ያልቅ ነበር» አልኳት።

«የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል አባባ? የእርስዎንስ መድኃኒት?»

መልስ አጣሁ። «ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት።

ልጆቹን ብቻ ብወቅስ ደግሞ እግዜር አይወደውም። በክልላችን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ አባቱ ካላካፈለው በቀር የሚያርሰው የለውም። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ፤ ማረስ የማይችለው ሽማግሌ መሬት አለው፣ ማረስ የሚችለው ጎረምሳ የለውም። እኔ ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ፤ ጎረምሳው መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ባሕር ይሻገራል።

የመሬት ደብተሬ ፍራሼ ሥር ናት። ድሮ አባቶቻችን ርስታቸውን እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ሳይናዘዙ የሚቆዩት ወደው መሰላችሁ? ተናዝዞ የጨረሰ ሽማግሌ በማግስቱ በሶው ይቀጥንበታል። እኔም በዚሁ ብልሃት ልጦር ቆርጬ ነበር፤ ልጆቼ ግን መሬቱን አይፈልጉትም! የባሕር ዳሩ «አባባ፣ ለፈለጉት ሰው ይስጡት» አለኝ። ከዚህ የባሰ ስድብ አለ? ማንም የማይመኘው ርስት ይዞ ሽማግሌ በምን ያስፈራራል?

ሰው በወጉ ሲጦር ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ በቆሎ ተማሪነቴ ነው። አገራችን የቤተልሔም ድጓና የዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው። የእኔ የኔታ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። አንዱ ተማሪ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይለቅማል፣ አንዱ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል፣ ማታ ሌላው እግራቸውን ያጥባል፤ ሁሉም በተራ። ሠንጠረዥ የለ፣ ደመወዝ የለ። ደግ ስለነበሩ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣቸው ከእንቅልፍ ያስበረግጋል። ድጓው ያለው እሳቸው ራስ ውስጥ ስለነበረ ነው። የኔታ ከተኙ ዜማው ይቆማል፤ ተማሪው ስንት ወንዝ ተሻግሮ የመጣበት ነገር ከንቱ ይቀራል። እኔ ራስ ውስጥ ያለው ደግሞ የወሰን ድንጋይ ታሪክና የማን ቅድመ አያት የማንን በሬ እንደነዳ ነው። ወሰኑን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ለኩት፤ የበሬውን የሚጠይቅ የለም።

እማሆይ እህቴ ከሁላችን ብልጥ ናት። ኮሚቴ ሳይቋቋምባት ቆብ ደፋች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጥግ ጎጆ ቀልሳ ገባች። ከደጀ ሰላሙ ጸበል ጸሪቅ ይደርሳታል፣ ማኅበርተኛው ድርጎ ያመጣላታል፣ ዲያቆናቱ ውሃ ይቀዱላታል። «አንተም መንኩስ» ትለኛለች። እኔ የዓለምን ጭቅጭቅ ገና መቼ ጨረስኩ?

አዲስ አበባ ያለው ልጄ «ከእኔ ጋር ይኑሩ» ይላል። እስቴ ያለው የአክስቴ ልጅ የልጆቹን እንዲህ ያለ ጥሪ ሰምቶ ሄዶ ነበር። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ አስቀመጡት። ደረጃ ላይ ያገኘውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ?» እያለ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ኪሱን እየዳበሰ ይሸሸው ጀመር። በመጨረሻ አንዷ 10 ብር ሰጠችው። ያንኑ ቀን ጓዙን አንስቶ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተመልሶ ገባ፤ ዐሥር ብሯን ግን አልመለሰም። ቢንያም በለጠ ያቋቋመው ሜቄዶንያም እዚያው አዲስ አበባ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ከጎዳና የወደቀ አረጋዊና ሕመምተኛ አንስቷል፣ ዋጋውን ከሰማይ ያግኝ። እኔ ግን አልወደቅሁም፤ ተቀምጬ ነው የማማርረው።

መንግሥትስ? እንዲያው ለሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ አልረሳንም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ አረጋውያንን እረዳለሁ ይላል፤ አቅም የፈቀደውን ያህል የምትል ልጓም አግብቶ። እኔም ለሠርግ መዋጮ ቃል ስገባ የማልለያት ልጓም ስለሆነች ዋጋዋን አውቃለሁ። ከ1998 እስከ 2007 የሚደርስ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ወጣ፤ ያኔ ጉልበት ነበረኝና አልፈለግሁትም፣ አሁን ስፈልገው ዘመኑ አልፎበታል። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ወላጅ ሲቸገር ልጅ ቀለብ ይስፈር ይላል፤ ምራትና አማች ሳይቀሩ ባለዕዳ ናቸው። አንድ ራፖር ጸሐፊ «ይክሰሷቸው» ብሎኝ ነበር። መጥሪያውን ቨርጂኒያ ማን ያድርሰው? የሰፈራችን ሚሊሻ ደብረ ታቦርን አይቶ አያውቅም። ደግሞስ በሶ መች አጣሁና? ያጣሁት በሶውን ሳማርር የሚሰማኝ ነው።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ጋይንትንና ስማዳን ያውቃቸዋል፤ ጉልበት የሌለውንና ሌላ ደጋፊ ያጣውን በቀጥታ ድጋፍ ይዟል። ልጁ አሜሪካ ያለ ሰው ግን ድሃ አይባልም፤ እንዲያውም አያረጅም ብለው የሚያስቡ አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ሲጀምሩ 16 ፓኬጅ ይዘው ነበር። ሕፃን ይመዝናሉ፣ ክትባት ያስከትባሉ፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ። ሁሉም ደግ ነው። አንዷ ግን ደጄ ላይ ተኮራምቼ አግኝታኝ «አባ፣ እዚህ ቤት ነፍሰ ጡር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም ስላት አመስግና አለፈች። የጤና መድኑም በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከዞናችን የተመረጠችው ፎገራ ናት። ውሃውም ፎገራ፣ መድኑም ፎገራ! መድኑ ጤና ተቋም የደረሰን ያሳክማል፤ ከቤቴ አስፋልቱ ድረስ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ግን አራት ትከሻና አራት ተለዋጭ ይፈልጋል። ትከሻዎቹ መተማ ናቸው።

ቀንም ተሰጥቶናል። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 1983 ተሰብስቦ የዓለም አረጋውያን ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ይከበር አለ፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም! እግሩ የሚችል ሽማግሌ ግሸን ነው፣ የማይችለው ቤቱ ተኝቶ ግሸንን ይናፍቃል። በዓላችን እኛ በሌለንበት ይከበራል።

የአዲስ አበባው ልጄ አንድ ቀን ስለ ጃፓን አነበበልኝ። እዚያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2000 ወዲህ 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ለእርጅናው መድን ይከፍላል። ሲደክም ባለሙያ ቤቱ ድረስ ይመጣና ምን ምን እንደሚያቅተው አይቶ፣ ምን እንደሚሻ ጠይቆ ዕቅድ ያወጣለታል።

«ማንን ነው የሚጠይቀው?» አልኩት።

«ሽማግሌውን ራሱን ነዋ።»

«እንግዲያው ከጃፓን ያቺን ጥያቄ ብቻ አምጡልኝ። ሌላው ይቅር።»

ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ከርሞ የቅሬው ስብሰባ ላይ ፈነዳ። ቅሬያችን ስሞት ድንኳን ይተክላል፣ እንጀራ ያወጣል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ያን ሁሉ እንጀራ እኔ አልበላው! ተነስቼ «ግማሹን በቁሜ ስጡኝ» አልኩ። «በሳምንት በሳምንት አንድ ሰው በተራ ይምጣ። ስሞት ከድርሻዬ ይቀነስ።»

የቅሬው ዳኛ ጢሙን እያሻሸ «ሕጉ የሞተ እንደሆነ ይላል፣ አያ። እርስዎ ደግሞ አልሞቱም» አለ።

«እሱ አይደል እንዴ የቸኮልኩበት!»

ክርክሩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሄደ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡ ይዛባል አለ፤ አንዷ መበለት ጧሪ ቀባሪ ከሚሉት ቀባሪው ብቻ እንዳለን ነግራቸው ሁሉንም ዝም አሰኘች። በመጨረሻ ተወሰነ። በቅሬው ውስጥ ያለ አረጋዊ ሁሉ ይቆጠር፣ ምን እንደሚሻ እሱው ይጠየቅ፣ ጎረምሳ ስለሌለ የሚራመድ ሽማግሌ የማይራመደውን እየዞረ ይጠይቅ። እጄን ሽቅብ አውጥቼ ደገፍኩ። ምድቡ ሲነበብ የመጀመሪያው ተንከባካቢ እኔው ሆኜ አረፍኩት። የተመደብኩትም በወሰን ድንጋይ ስንካሰስ የኖርነው፣ አሁን አልጋ የያዘው ጎረቤቴ ዘንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ እሄዳለሁ። እሳቱን አያይዝለታለሁ፣ ከመደቡ ላይ አቃንቼ አስቀምጠዋለሁ፣ በሶውን በጥብጬ አቀርባለሁ። የወሰኑን ክርክር ደግሞ እንዳይረሳብን ከመነሻው እየጀመርን እንደግመዋለን። የስማዳዋንም ልጅ ከየወሩ አንዱን ሳምንት ወደ አያቷ ሰድጃታለሁ፤ ደመወዟ አይቆረጥም፣ ኮሚቴውም አያውቅም። ያን ሳምንት በሶዬን ራሴ እበጠብጣለሁ፤ ይጎረብጣል፣ የማማው ሰው የለም።

ሰው ግን ምስጋና አያውቅም። ባለፈው ስብሰባ ጎረቤቴ በልጅ አፍ አቤቱታ አስገባብኝ። «ሰዓቱን ያከብራል፣ እሳቱም አይከፋም፤ ወሬ ግን አያመጣም» ይላል። ዳኛው በቃለ ጉባኤ አስፍሮ እንዳሻሽል አስጠነቀቀኝ። ከየት ላምጣ? ወሬ ያለው ገበያ ነው፤ ገበያው ሁለት ዳገት ማዶ ነው። በዚህ ጉልበቴ፣ ለዚያ ድንበር ገፊ ስል፣ ነገ በጠዋት ወሬ ለቀማ ልወጣ ነው!